«ውኃ ላይ ስትሆን ትቃናለች»፦ ስለ ዓመት መጨረሻ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)

ሰኔ ለመምህር የዕረፍት ወር አይደለም። ወረቀት አርሞ ያልጨረሰ፣ ሮስተር ያልሞላ፣ ካርድ ያልጻፈ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ፊቱን አይቼ መናገር እችላለሁ።

ዛሬ ጠዋት የመጣሁት በታክሲ ነው። ረዳቱ «ፔዳ! ፔዳ!» እያለ ሲጣራ ሰማሁትና «ፔዳ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «የግቢው ስም ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ። ልክ ነው፤ የግቢው ስም ነው። ነገር ግን ስሙ የአንድ ረዥም ስም ቁራጭ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት እዚህ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ዋና ተልእኮው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሆኑ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ተቋሙ ከፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ አካዳሚ የሚለው ስም ቀረ፤ «ፔዳ» ግን በታክሲ ረዳቶች አፍ ላይ ኖረ። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ትንንሽ ልጆች የእጅ ሥራ ለመናገር አንድ የዶክትሬት ባለቤት መድረክ ላይ መውጣቱ የሚያስገርመው ሰው ካለ፣ ይህ ግቢ መጀመሪያ የተሠራው ለዚሁ ጉዳይ እንደ ነበረ ላስታውሰው ስለ ፈለግሁ ነው።

ርእሴ ቀላል ይመስላል። በዓመቱ ማብቂያ ላይ በአንደኛ ደረጃ ክፍሎቻችን ልጆች «ሠርታችሁ አምጡ» ይባላሉ። ስሙ እንደየዘመኑ ይለያያል፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ «የእጅ ሥራ» ነበር፤ ዛሬ «ፕሮጀክት» ነው። የአንድ ሳምንት ጊዜ ይሰጣል፤ ልጁ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ መምህሩ ከሃያ ያርመዋል፤ የወላጆች ቀን ሲደርስ ያማረ ያማረው ተመርጦ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጁ ምን ሠራ? መምህሩስ ያረመው የማንን ሥራ ነው? የምጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱን ከመጻሕፍት ከመፈለጌ በፊት ግን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ በጣና ዳር ወደሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሱ አይደለም። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከመማሪያ ክፍሌ መስኮት ሐይቁ ይታያል፤ ቢርቅ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሰኔ ሲገባ ሰባ የሚሆኑ የአራተኛ ክፍል ልጆች የእጅ ሥራቸውን ተሸክመው መጡ። መጥረጊያ፣ ገመድ፣ ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ ከጭቃ የተሠራ በሬ፣ ከቆርቆሮ የተሠራ መኪና። መጥረጊያው ይበዛ ነበር። ኋላ እንደ ገባኝ ከሁሉም ይልቅ ለትምህርት ቤቱ የሚጠቅመው መጥረጊያው ስለ ነበር ነው።

አንዲት ልጅ በቀለም አለላ የተሰፋ ሙዳይ አቀረበች። ስፌቱ ጥብቅ፣ ሐረጉ የተስተካከለ፣ ክዳኑ ልክክ ብሎ የሚገጥም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰጠኋት። ያን ሙዳይ የዐሥር ዓመት ልጅ እጅ ሊሰፋው እንደማይችል እናቱ ስትሰፋ እያየ ያደገ ሰው ማወቅ ነበረበት፤ ዐውቅም ነበር።

ከእርሷ ቀጥሎ አንድ ልጅ ከደንገል የታሰረች ትንሽ ታንኳ ይዞ ቀረበ። ርዝመቷ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። አባቱ ታንኳ ሠሪ ነው፤ ቤታቸውም ከሐይቁ ጥግ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ሳስቀምጣት ወደ ግራ ተጋደመች። ደግሜ አቀናኋት፤ ደግማ ተጋደመች። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም፤ አላለቀሰምም። «ጋሼ፣ ውኃ ላይ ስትሆን ትቃናለች» አለኝ።

ስምንት ሰጠሁት። ከስሙ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ጠማማ» ብዬ ጻፍሁበት። ሐይቁ መቶ እርምጃ ላይ ነበር። አልሄድንም።

በተከታዩ ዓመት ልጁ አምስተኛ ክፍል ገባ፤ የእጅ ሥራ የማርመውም አሁንም እኔው ነበርሁ። ያን ጊዜ ይዞ የመጣው እጅግ ያማረ ሰፌድ ነበር። ጎረቤታቸው እንደ ሰፋችው ዘግይቼ ሰማሁ። አሥራ ሰባት ሰጠሁት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእኔ የተማረው ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር፤ በሚገባም ተምሮታል።

ይህን ነገር በክፍል ስናገር ተማሪዎቼ ዘወትር «ልጁ ኋላ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁኛል። መሐንዲስ ሆነ፣ መርከብ ሠራ እንድላቸው ይፈልጋሉ። ታሪኩ እንዲህ ያለ ታሪክ አይደለም።

በዚህ ከተማ የታንኳ ሠሪ ልጅ መሆን ምን ማለት እንደ ነበር ነባር ነዋሪዎች ታውቃላችሁ። በደንገል ታንኳ ሥራ የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ሐይቁን ከማንም በላይ እያወቁት በጎረቤቶቻቸው ሲገለሉና ሲናቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ክፍሉ የሳቀው በታንኳዋ ብቻ አልነበረም። አንድ ልጅ የቤቱን ዕውቀት በብብቱ ይዞ ወደ መማሪያ ክፍል የገባባት ቀን ብትኖር ያቺ ቀን ነበረች፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ ሸኘኋት።

ደንገልን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ላክልና ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ተነሣ። ደንገሉ የተቆረጠው ከዚሁ ከጣና ነው። ወደ ግብፅ ተጓጓዘ፤ «ራ» የተባለችውን ጀልባ የሠሯት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ደንገሉ ከእኛ ሄደ፤ የእኛን ታንኳ ሠሪዎች ግን የጠራቸው አልነበረም። ራ ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሥታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ውኃ ውስጥ እየሰጠመ ስላስቸገረ በመንገድ ቀረች። በተከታዩ ዓመት በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች የታሰረችው ሁለተኛዪቱ ራ ከመጀመሪያዪቱ ስሕተት ተምራ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ለመጀመሪያዪቱ ራ ከሃያ ስንት ትሰጧታላችሁ? እኔ በዚያ ዕድሜዬ ምን እሰጣት እንደ ነበር ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር በተግባር ልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎቼን ለመከታተል ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። የሦስተኛ ክፍል የፕሮጀክት ትርኢት ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ከፎም የተቆረጡ ፕላኔቶች በሽቦ ተንጠልጥለዋል፤ በጤፍ፣ በምስርና በባቄላ የተለበጡ የኢትዮጵያ ካርታዎች ተደርድረዋል፤ ባለ ሁለት ፎቅ የካርቶን ቤቶች ከነመብራታቸው ቆመዋል፤ የልጆቹ ስም በኮምፒውተር ተጽፎ ተለጥፎባቸዋል። አንዱን ልጅ «ይህ መብራት የሚበራው እንዴት ነው?» አልሁት። «እሱን የሚያውቀው አጎቴ ነው» አለኝ። ሐቀኛ ልጅ ነው። ዘወር ስል አጎትየው እዚያው አጠገባችን ቆሞ ቤቱን ፎቶ ያነሣል፤ በሥራው መኩራቱ ከፊቱ ይነበብ ነበር፤ አልፈርድበትም።

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር መስኮት ላይ «ፕሮጀክት እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ገበያ የሚፈጠረው ፈላጊ ሲኖር ነውና ባለ መደብሩንም አልወቅስም። በበሩ ላይ ግን አንዲት ጉሊት የምትቸረችር እናት የክፍሉን መምህር ይዛ ስታነጋግር ሰማሁ። «መምህር፣ ይኼ ፎም የሚሉት ነገር የሁለት ቀን ገበያዬ ነው። ልጄ ምሳ ይብላ ወይስ ፎም ይግዛ? እርስዎ ይንገሩኝ» አለችው። መምህሩ አንገቱን ደፋ። የልጇ ሥራ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ምንም ሳይጎድለው በቃል የሚጠየቀውን ሁሉ ይመልስ የነበረ ልጅ ለፕሮጀክት ዜሮ ተሞላለት፤ በሮስተሩ ላይ የእናቱ ኪስ ተመዘነ ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት የመዋዕለ ሕፃናት «ምረቃ» ላይ ተጋብዤ የስድስት ዓመት ሕፃናት ጋዋንና ቆብ ለብሰው አየሁ። እኔ የመጨረሻውን ጋዋን ለመልበስ ዐርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። ይህንስ በሳቅ እንለፈው።

እንግዲህ ችግሩ ፕሮጀክት የሚባለው ነገር ከውጭ መምጣቱ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ዊልያም ኪልፓትሪክ «የፕሮጀክት ዘዴ» የተሰኘ ጽሑፉን በ1918 ሲያሳትም የሥራው ነፍስ የልጁ የራሱ ዓላማ ነው ብሎ ነበር፤ ልጁ ልቡን ያልሰጠው ሥራ ቢያምርም በእርሱ ትርጉም ፕሮጀክት አይደለም። እኛ ቃሉን አስገባን፤ ዓላማውን ጉምሩክ ላይ ተውነው። ደግሞም የራሳችን አብነት አለን። የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ ቤቶች የሚገኙት በዚሁ በጎጃም ምድር ነው። የቅኔ ተማሪ ገና ጀማሪ ሳለ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቅኔውን ብቻውን ሆኖ ሲያወጣ ሲያወርድ ይቆይና በመምህሩ ፊት ይቆማል፤ ይናገራል፤ መምህሩ ይሰማል፤ የተሰበረውን ያቃናል፤ ያልሆነውን ይመልሳል። ተማሪው ነገ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ አያስመሰግንም፤ የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብማ ነውር ነው። በቅኔ ቤት ሥርዓት ዕውቀት የሚለካው ከዚህ በፊት ያልነበረን ነገር ራስ ፈጥሮ፣ ራስ ቆሞ በመናገር ነው። ጎጎም ሲነቀፍ የኖረው የቄስ ትምህርት የቃል ጥናት ብቻ ነው የሚለው ፍርድ ይህን ክፍሉን ይረሳል። ንባብ ቤቱና ዜማ ቤቱ በቃል ጥናት ላይ የቆሙ መሆናቸው እውነት ነው፤ ዱላውም ነበረ፤ ለሴቶች ልጆች በሩ ጠባብ እንደ ነበረም አልክድም። ይሁን እንጂ ከአንድ የዘመናዊ ትምህርት ቤት የዓመት መጨረሻ ፈተና ይልቅ የአንድ ቀን የቅኔ ነገራ ስለ ተማሪው ብዙ ይናገራል።

አሁን ልነግራችሁ ወደ መጣሁት ሥራ ደርሻለሁ። ከአዳራሹ በስተኋላ ግድግዳው ላይ የተዘረጋውን ቡናማ ጥቅልል ስትገቡ አይታችሁት ይሆናል። በዚህ ሐይቅ ዳር በምታስተምር አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት ክፍል ውስጥ የተሠራ ነው። «ስሜን አትጥራ» ብላኛለችና አልጠራም።

ሥራው የጀመረው በኅዳር ወር ነው። ከትምህርት ቤታቸው በታች በሐይቁ ዳር አንዲት ትልቅ ሾላ አለች። መምህርቷ ልጆቹን በአንድ ዓርብ ወሰደቻቸውና «ከሾላዋ እስከ ውኃው ስንት እርምጃ ነው?» አለቻቸው። አንዱ ሃያ ሦስት አለ፤ ሌላዋ ሃያ ሰባት አለች፤ አንድ ትንሽ ልጅ ሠላሳ አንድ አለ። ጭቅጭቅ ተነሣ። የሚበዙት የአንደኛ ደረጃ ወጪው ቁጥር ትክክል ነው አሉ፤ እርሱ ከክፍሉ አንደኛ ነዋ! አንዲት ልጅ ግን «ሐይቁ አንድ ነው፤ ሦስት የሆነው እግራችን ነው» አለች። እኔ ስለ ልኬት የጻፍሁትን አንድ ሞጁል ሁሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ብለውጠው አልከስርም።

ከዚያ የቃጫ ገመድ መጣ። በየክንዱ ይቋጠር ተባለ። በማን ክንድ? እንደ ገና ጭቅጭቅ። በመምህርቷ ክንድ ተስማሙ። ሁለት ሳምንት እንደ ሠሩበት መምህርቷ ታመመችና የቀረችበት ዓርብ መጣ፤ ገመዱም በዚያው ሰሞን ተበጥሶ ስለ ነበር አዲስ ገመድ የሚቋጥሩበት ክንድ አጡ። ሜትር የሚባለው ነገር ለምን እንዳስፈለገ ልጆቹ የተረዱት ያን ቀን ነው፤ ከመጽሐፉ ላይማ አንደኛ ክፍል ሳሉ ጀምሮ ሲያነቡት ኖረዋል።

በየካቲት ወር ሐይቁ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንግዳ በሆነ መጠን የሸሸ መሰለ። የቋጠሮው ቁጥር በድንገት ጨመረ። ሁለት ልጆች «ጣና እየደረቀ ነው» ብለው ለቤተሰባቸው ነግረው ሰፈሩን አስደንግጠዋል አሉ። በማግስቱ ሰኞ ገመዱን በሜትር ሲለኩት አጥሮ ተገኘ፤ ውኃ ውስጥ ወድቆ ረጥቦ ነበርና የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ይኮማተራል። ገመዱን በፀሐይ አደረቁት፤ ደግመው ለኩ። በጥቅልሉ ላይ የየካቲቱ የተሳሳተ ቁጥር አልተፋቀም፤ በላዩ መስመር ተሰርዞበት ከጎኑ «ገመዱ ነው እንጂ ሐይቁ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል።

ጣና ለዚህ ዓይነት ሥራ የተመቸ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ግን ዐሥር ሜትር አይሞላም። ዳርቻው ለጥ ያለ በሆነበት ቦታ ውኃው ጥቂት ዝቅ ሲል ጠርዙ ብዙ ይሸሻል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ እስከ ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ድረስ ይወርዳል። ልጆቹ «ውኃው ወዴት ይሄዳል?» ብለው ሲጠይቁ መምህርቷ መልሱን አልነገረቻቸውም፤ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወደ ጨረጨራ ወሰደቻቸው፤ በሳሕን ውኃ ሞልተው ፀሐይ ላይ አስቀመጡ። በጥቅልሉ ላይ ሁለቱም ተሥለዋል፤ ሳሕኑ ከግድቡ ይበልጣል፤ የሠዓሊው መብት ነው።

ጥቅልሉ ራሱ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው፤ በዱቄት ሙጫ ተያይዟል። ቀለሙ ከሰል፣ ቀይ አፈርና የቅጠል ጭማቂ ነው። ሁሉም ልጅ በተራው የራሱ ዓርብ አለው። አንዲት ልጅ ተራዋ በደረሰ ቁጥር እናቷን ጀሪካን ተሸክማ ትሥላለች፤ ውኃው በሸሸ ቁጥር እናትየው የምትሄድበት መንገድ በሥዕሉ ላይ ይረዝማል። ይህን እንድትሠራ ያዘዛት አልነበረም። እምቦጩን አረንጓዴ አድርገው የሣሉትም አሉ። ደንገሉ የቱ ጋ እንደ ነበር አያቱን ጠይቆ፣ ዛሬ የሌለውን ደንገል በነጥብ ብቻ ያመለከተ ልጅም አለ። (በነገራችን ላይ ደንገሉ እየሳሳ ስለ ሆነ ለፕሮጀክት ተብሎ እንዲቆረጥ የምትፈልጉ ካላችሁ እባካችሁ አታስቡት።)

ወደ መካከሉ ስትጠጉ ሦስት ባዶ ቦታዎች ታያላችሁ። ከሥራቸው በልጅ እጅ «በዚህ ሳምንት ትምህርት አልነበረም» ተብሎ ተጽፏል። በክልላችን ባለፉት ዓመታት ስንት ክፍል ተዘግቶ እንደ ቆየ ለእናንተ አልነግራችሁም። መምህርቷ ባዶዎቹን ቦታዎች ለመሙላት፣ ቁጥሩን በግምት ለማስገባት አስባ እንደ ነበር አጫውታኛለች። ልጆቹ አይሆንም አሏት። ያላዩትን ሐይቅ አንጽፍም አሉ።

በወላጆች ቀን ጥቅልሉ ለጠረጴዛ ስለ ረዘመ ከግቢው አጥር ላይ ተሰቀለ። ዝናብ መጣ። የክብር እንግዶች ድንኳን ውስጥ ነበሩ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ደብተርና እስክሪብቶ እየተሸለሙ ነበር፤ እናቶች እልል ይሉ ነበር። ልጆቹ ሽልማቱን ትተው ሮጡና ጥቅልሉን አወረዱ። በጫፉ ላይ የምታዩት የወረደ ከሰል የዚያ ቀን ዝናብ ነው። ከክብር እንግዶቹ ያየው የለም።

«ይህን ሥራ እንዴት አረምሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። እያንዳንዱ ልጅ ከጥቅልሉ ላይ የራሱን አንድ ዓርብ መርጦ በክፍሉ ፊት ይቆማል። አራት ነገር ትጠይቀዋለች፦ ምን ለማወቅ ፈለግህ? ምን አደረግህ? ምኑ አልሆነልህም? ከዚያስ ምን አደረግህ? ምልክት የምታደርገው በሦስተኛውና በአራተኛው መልስ ላይ ነው። ምንም ያልተበላሸበት ልጅ ሙሉ ማርክ አያገኝም። ይህን ስትነግረኝ ታንኳዋ ትዝ አለችኝ።

ከመምህራን የሚመጣውን ተቃውሞ ዐውቀዋለሁ፤ እኔም ሳነሣው ኖሬአለሁና። ጊዜ የለም ይባላል። በእርሷ ክፍል 64 ልጆች አሉ። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ 128 ደቂቃ ይሆናል፤ የዐርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሦስት ሲደመር ስምንት ደቂቃ ነው። ለሮስተር ከምናጠፋው ጊዜ ያንሳል። ዓርብ ዓርብ ያደረጉትን ጉዞ ደግሞ ከሒሳብ፣ ከአካባቢ ሳይንስና ከክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜዎች ወሰደችው፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ይህን አይከለክልም። ይልቅ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ስለ ገመድ አይጠይቅም፤ ወላጅም «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ይላል እንጂ «ልጄ ምን ተበላሸበት?» አይልም። ለዚህ መልስ አለኝ ብዬ አላታልላችሁም። የማውቀው ነገር ቢኖር እናት በክፍል ተገኝታ ልጇ ለሁለት ደቂቃ ቆሞ ስለ ሠራው ሲናገር ከሰማች በኋላ ጥያቄዋ ትንሽ እንደሚለወጥ ነው። በዚያ ክፍል ሲሆን አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን የምንወቀሰው እኛ አሠልጣኞች ነን። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ስለ ተማሪ ተኮር ዘዴና ስለ ተከታታይ ምዘና ያላስተማርንበት ዓመት የለም። ያስተማርነው ግን እንዴት ነው? ሦስት ሰዓት ቆመን እየተናገርን፣ እነርሱ እየጻፉ፤ ከዚያም «የተማሪ ተኮር ዘዴ አምስት ጥቅሞችን ዘርዝር» የሚል ፈተና ሰጥተን። እንዲህ የሠለጠነ ወጣት ክፍል ሲገባ «ሠርታችሁ አምጡ» ቢል ምን ይገርማል? «አምጡ» የሚለው ቃል ሥራው ሌላ ቦታ እንደሚሠራ አስቀድሞ ፈቅዷል። የእኔ አቋም በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነው፦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የዓመት መጨረሻ ሥራ በትምህርት ቤት ውስጥ፣ በትምህርት ሰዓት፣ ገንዘብ በማይጠይቅ ነገር መሠራት አለበት፤ ቤት ከሄደ የቤቱ ሥራ ነው። ይህን ስል ቤቱን በር መዝጋቴ አይደለም። የታንኳ ሠሪው አባት ወደ ክፍሉ ቢጠራና ልጆቹ ሁሉ በፊቱ ደንገል ቢያስሩ ኖሮ ያ ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ይሆን እንደ ነበር አስቡት።

በሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቻችን ለተግባር ልምምድ ከመውጣታቸው በፊት ራሳቸው አንድ እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲሠሩ ለትምህርት ክፍሌ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ውሳኔው ገና ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ገመድ የሚቋጥር የዲግሪ ተማሪ» እያሉ ያሾፉብኛል፤ እዚህም ተቀምጠው አያቸዋለሁ።

የተመደበልኝ ሰዓት አልቋል። ጥያቄና አስተያየት ይኖራችኋል፤ ነገር ግን ስለ ጥቅልሉ ያላችሁን ጥያቄ ለእኔ አታቅርቡ። መምህርቷ ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ገመዱንም ይዛው መጥታለች። እኔ አልሠራሁትም።